ለእማዬ ያልተነገረው

ጥር 5

ብርድ። የመሐል ሜዳ ብርድ፤ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ አደረ። የምሠራበት መዝገብ ቤት ቀኑን ሙሉ የመጣው ሰው ሦስት፤ ሦስቱም ፋይሌ ጠፋ ባይ። አልጠፋም። ያለቦታው ገብቶ ነው። ማን እንዳስገባው ደግሞ አውቃለሁ… ግን ዝም።

የእማዬ ዓይን ደህና ነው። ከደብረ ብርሃን ከተመለስን አራተኛ ቀናችን። ሐኪሙ ያዘዘውን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለማን እንደሆነ እንጃ፤ እሷ አታነብ፣ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። እንዳታጎነብስ። ጭስ እንዳይነካት። ዓይኗን እንዳታሽ። እንዳታለቅስ። ለአንድ ወር ተኩል። «ግራው እንደሆነ የለም፤ ይህንንም ካጣችው ጨለማ ነው» አለኝ ሐኪሙ፣ እሷ ሳትሰማ።

ማታ ይሥሐቅ በቴሌግራም ቮይስ ላከ። ሲደውል ኔትወርኩ እየቆራረጠ ያናድዳታል። ቮይሱ ግን ሳይሰበር ይደርሰኛል ትላለች። «እማዬ፣ ጥምቀት እንዳለፈ ጭነት ይዤ አፋር እወርዳለሁ። ስመለስ በቪዲዮ እንተያያለን። ፂሜን አሳድጌያለሁ፣ እንዳትደነግጪ።» ሦስቴ አስከፈተችኝ። ቀዶ ጥገናውን እሺ ያለችውም ለዚሁ ነው እኮ። አምስት ዓመት ሙሉ የወንድሜን ፊት ስልክ ላይ ባሳያት «ጥላ ነው» ትለኝ ነበር። «ይሻለኝ ብቻ፣ ፂሙን እነቅልለታለሁ» ብላ ሳቀች። አትሳቅ ብሎ ይሆን እንዴ ሐኪሙ? ይሄን አልጠየቅኩትም።

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦት ካልሸኘሁ ብላ አስቸገረችኝ። አቧራው! በር ላይ አቆምኳት። ከዚያው ሆና እልል አለች።

ጥር 14

መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

ከምሳ በፊት ሥራ ስለሌለ ፌስቡክ ከፈትኩ። የይሥሐቅ ፎቶ። ከጎኑ ሻማ። ልደቱ መሰለኝ! ወይ እኔ… ልደቱ ጥቅምት አይደል እንዴ፣ ማነው ዛሬ ያከበረለት ብዬ ፈገግ ሁሉ ብያለሁ። ከዚያ ወደ ታች። ነፍስ ይማር። አር አይ ፒ ወንድሜ። ነፍስ ይማር። መቶ አርባ ሰው። መቶ አርባ ሰው ከኔ በፊት አውቋል። ከላዩ የብርድ ልብስ ማስታወቂያ፣ ከታቹ የማላውቃቸው ሰዎች ሰርግ።

የለጠፈው አብርሃም ነው፣ የአጎታችን ልጅ፣ አዲስ አበባ ያለው። ደወልኩለት።

«ጥሩዬ… አልሰማሽም እንዴ? ለአባዬ ነግሬው ነበር እኮ።»

የሚነዳው አይሱዙ ትናንት ተገልብጦ። ወዲያው ነው አለኝ። አልተሠቃየም አለኝ። ማን አይቶ?

የአብርሃም አባት፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ገብረየሱስ፣ ሞላሌ ናቸው። ለካ ነገ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘው መጥተው ሊያረዱኝ ነበር። እንደ ደንቡ። ቁጭ አድርገው፣ ግራና ቀኝ ይዘውኝ። እኔ ግን የሰው ፋይል በእጄ እንደያዝኩ፣ ቆሜ ተረዳሁ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ጮህኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ። እማዬ አለች እኮ። የእማዬ ዓይን!

ጥር 15

ጋሼ ገብረየሱስና የእማዬ የንስሐ አባት መምሬ ሀብተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጠብቀውኝ ነበር። ጋሼ ፊታቸው አመድ መስሏል። ግን አላለቀሱም፤ ወስነው ነው የመጡት።

«ልጇን አንዴ አጥታዋለች። ዓይኗን ጨምሬ አላሳጣትም» አሉ። «ሐኪሙ ደህና ነሽ እስኪላት መርዶው ይቆይ።»

«እስከ የካቲት አጋማሽ? እንዴት አድርጌ ጋሼ?»

«እንደ ሰው ሆነሽ።»

ቀብሩ አዲስ አበባ ይሁን አሉ። አስከሬኑ እዚህ ከመጣ አገር ምድሩ ይጮኻል፣ እማዬ ትሰማለች። መምሬን አየኋቸው። «ይህ መዋሸት አይደለም ልጄ፣ ማቆየት ነው» አሉኝ። መሬት መሬት እያዩ ነው ያሉት።

ለእማዬ ደብረ ብርሃን ስልጠና አለብኝ አልኳት። ጎረቤቴ እመቤት ትጠብቃታለች። ለግቢው ሰው ሁሉ ተነግሯል፤ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።

ጥር 16

ተቀበረ።

ሰው እንደ ጉድ ነው። ግማሹ ስልኩን ወደ ላይ አንስቷል። ሳጥኑ ላይ ልወድቅ ስል አንዱ «እኅቴ ትንሽ ዞር በዪ፣ ላይቭ ነው» አለኝ። ከወንድሜ ሳጥን ፊት፣ ዞር በዪ! አፉን በጥፊ ልለው እጄን አንስቼ ነበር። አብርሃም ያዘኝ።

በኋላ ለብቻው አድርጌ ጮህኩበት። ፎቶውን አጥፋው አልኩት። «ታዲያ ሰው በምን ይሰብሰብ? ጥሩምባ ልንፋ?» አለኝ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ። እውነቱን ነው። ያ ሁሉ ሹፌር፣ ከሞጆ ከአዳማ የመጣው፣ በፌስቡክ ሰምቶ ነው። እውነቱን ስለሆነ የባሰ አናደደኝ። ቢያንስ እናቱ እንዳልሰማች ጻፍበት፣ ዝም በሉ በል አልኩት። ጻፈ። ከሥሩ ስንቱ «እሺ» ብሎ የሚያለቅስ ኢሞጂ አስቀመጠ።

ጥር 18

ቤት ነኝ።

«ስልጠናው እንዴት ነበር?»

«አሰልቺ።»

«ዓይንሽ አብጧል።»

ታያለች! አምስት ዓመት የኔን ፊት ከአጎቴ ፊት ሳትለይ ቆይታ፣ ዛሬ አየችኝ። ብርድ መታኝ አልኳት።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። «ይሥሐቅ ድምፁ ጠፋብኝ። አንድ ነገር ሆኗል።» ኔትወርክ ነው ብላት አልሰማ አለች። እራቷን ገፋችው። ዓይኗ ውሃ ሞላ። ደነገጥኩ። «ቆይ! ልኳል እኮ! ቢሮ ሆኜ ነው የመጣልኝ፣ ረስቼው!» አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ስልኬን ከፍቼ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ግንቦት ደረስኩ። «እማዬ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ በረሃ ነው ያለሁት። ኔትወርክ ስለሌለ ነው የጠፋሁት፣ አታስቢ።»

ፊቷ በራ። እንጀራውን መልሳ ሳበችው።

ምን አደረግኩ?

ጥር 21

ይሥሐቅ ለእሷ የላካቸው ቮይሶች ሃምሳ ሦስት ናቸው። ቢሮ ቁጭ ብዬ በጆሮ ማዳመጫ ሰማኋቸው፣ ረጃጅሞቹን ከመሐል እየተውኩ። ዝናብ የሚልበት አይሆንም። እንቁጣጣሽ ያለበት አይሆንም። ስለ ዓይኗ ሕክምና «መቼ ነው» ብሎ የሚጠይቅበት አይሆንም። «ገብሱ ታጨደ?» የሚለው… ለጥር ትንሽ ዘግይቷል፣ ግን ያስኬዳል። አሥራ ስምንት ቀሩ። በሁለት ቀን አንድ፣ አንዳንዴ ሁለቱን አከታትዬ።

እሷም ትመልስለታለች። ስልኩን አፏ ሥር ትደግነዋለች። «ጋቢህን ልበስ። በረሃ ነው ብለህ ማታ ማታ ራቁትህን እንዳታድር። እኅትህ ከስታለች፣ ምከራት።» እኔ ነኝ መላኪያውን የምጫነው። አንዷ ራይት ትመጣለች። ሁለተኛዋ፣ ሰምቶታል የምትለው፣ አትመጣም።

ጥር 26

ቢሮ ውስጥ ማንም አላቀፈኝም። የዓይኗን ነገር ሰምተዋል፣ ለቅሶ ቤት እንዳይመጡ ተነግሯቸዋል፣ ስለዚህ እኔም ሐዘንተኛ አልመስላቸውም መሰለኝ። ከጎኔ ወንበር ያለው ሰውዬ፣ ክንዴ ክንዱን የሚነካው፣ በቴሌግራም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ላከልኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ስልኩን እያየ ነው። «አሜን» ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ ስቴፕለሩን አቀበለኝ።

ጥቁር መልበስ አልችል። ማልቀስ አልችል። ድንኳን የለኝ። ሦስት መቶ ሰው በስልክ አጽናንቶኛል፣ አንድም ሰው ውሃ አላቀመሰኝም።

የካቲት 1

«አሁንማ ዓይኔ ደህና ነው፣ ፊቱን አሳዪኝ። ቪዲዮ አድርጊው።»

«ኔትወርክ የለም እማዬ።»

«ለእመቤት እንዴት ኖራት? ቀኑን ሙሉ የሚዘፍን ሰው ታያለች።»

የእመቤት ዋይፋይ ነው፣ የኛ ዳታ ነው፣ ይሥሐቅ ያለበት በረሃ ነው፣ ምን ያላልኩት አለ! አዳመጠችኝ። «ፎቶውንስ?» አለች። ስልኩ ተበላሽቶ ጠፋብኝ አልኳት። ድምፁስ እንዴት አልጠፋም? ብትል ምን እመልስ ነበር? አላለችም።

አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጻፈው። ቮይሱን የምከፍትበትን ሰዓት እኔም መጠበቅ ጀምሬያለሁ። ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሲያወራ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል አለ። ሲያልቅ ደግሞ ሞቶ ይገኛል። በሁለት ቀን አንዴ ይሞትብኛል።

የካቲት 6

ጉድ ሆኜ ነበር። እስከ መጨረሻው ያልሰማሁትን ከፈትኩ። ሰላምታው ጥሩ፣ ጨዋታው ጥሩ፣ ከዚያ በመጨረሻ «በሉ እንግዲህ መልካም የመስቀል በዓል!»

ማቆሚያውን ስጫን ዘግይቼ ነበር።

«መስቀል?» አለች። «በየካቲት?» ከዚያ ሳቋ መጣ። «ምን ቀምሶ ነው ይሄ ልጅ! ጥሩዬ፣ እውነት ይጠጣል እንዴ?»

«ድካም ነው።»

«ድካም ይሁን እንጂ ሚስት ሳላይለት ጠጪ እንዳይሆንብኝ።» ያንኑ ለእሱ ነገረችው። ስለ መጠጥ ረጅም ምክር። ላክሁት።

የካቲት 9

ዐቢይ ጾም ገባ። ጋሼ ደወሉ፣ ቀኑ ተቆርጧል። የካቲት 17 ደብረ ብርሃን ቀጠሮዋ ነው። ሐኪሙ ደህና ነሽ ካላት፣ በ19 ጎሕ ሲቀድ ከመምሬና ከሽማግሌዎቹ ጋር ይመጣሉ። ከዚያ እርሟን አውጥታ ለአርባው አዲስ አበባ እንወስዳታለን።

አሥር ቀን። የቀሩኝ አምስት ቮይሶች ናቸው። ይበቃሉ። አምላኬ፣ ይበቃሉ በለኝ።

የካቲት 15

እሑድ። ከቅዳሴ ስመለስ እመቤት አጥሩ ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። «ጥሩዬ፣ ግደዪኝ» አለች።

ፀሐይ ይሞቁ ነበር፣ እማዬና እሷ። እመቤት እንደ ሁልጊዜዋ ቲክቶክ ላይ ነች። የይሥሐቅ ጓደኞች የአርባውን ጥሪ ቪዲዮ አድርገው ለቀውታል። መጀመሪያ የእሱ ፎቶ፣ በገና፣ ከዚያ ቀብሩ። ማንም ሳይፈልገው መጣ። ልታሳልፈው ስትል እማዬ እጇን ያዘቻት።

«ቆይ እስቲ። ይህ ፂሙ ያደገው ማነው?»

በአምስት ዓመት የመጀመሪያ ያየችው የልጇ ፊት ይህ ነው። ስልኩን ከእመቤት እጅ ወስዳ እስከ መጨረሻው አየችው፣ እመቤት እንደምትለው። ቪዲዮው እየደጋገመ ይጀምራል፣ እሷ ታያለች።

ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ስልጠናሽን አየሁት» አለችኝ። «ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ለብሰሽ።»

እግሯ ላይ ወደቅሁ።

«ስለ ዓይንሽ ብለን ነው እማዬ።»

«ዓይኔን ለማን ላደርገው?»

ወደ ስልኬ በአገጯ ጠቆመች። «ከትናንት ወዲያ ያናገረኝስ?»

«የዓምና ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እኔ ስመልስለት ማን ይሰማኝ ነበር?»

«ማንም።»

«ጋቢህን ልበስ ስለው…» አለችና አልጨረሰችውም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ሳጥኑ ድረስ ሄደሽ አልቅሰሽለታል። እኔ በዚያ ቀን ምሳ በልቻለሁ። ልጄ ሲቀበር ምሳዬን በልቻለሁ፣ ጥሩሸዋ።»

ጥሩዬ አላለችኝም።

የካቲት 16

ለጋሼ ትናንት ደውዬ ነበር። ጎሕ ሲቀድ መጡ፣ መምሬንና ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው። እማዬ ቀድማ ተነስታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ መደቡ ላይ ትጠብቃለች።

ጋሼ «እንግዲህ ምን እንላለን እኅቴ፣ ሰምተሻል…» ብለው ጀመሩ።

«አልሰማሁም» አለች። «ስልክ ነው ያሳየኝ። ሰው አልነገረኝም። ንገሩኝ።»

ተያዩ። ጋሼ ወደ መምሬ ዞሩ። መምሬ መስቀላቸውን ጨብጠው ተነሱና፣ «ወለተኪዳን ልጄ… ይሥሐቅን እግዚአብሔር ወስዶታል» አሏት።

ያን ጊዜ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ልይዛት ስጠጋ እጄን ገፋችው፣ ሽማግሌዎቹ ያዟት። ዓይኗን በነጠላዋ ታሻለች፣ በሁለት እጇ። «ዓይንሽን እንዳታሺ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ።

የካቲት 19

ሞላሌ ነን፤ ለቅሶው በታላቅ ወንድሟ ደጅ ይሁን ተብሎ ጋሼ ቤት ድንኳን ተተክሏል። ሰው መጣ፣ አልቀረም። ግን አያለቅስም። ከወር በፊት በየስልኩ አልቅሶ ጨርሷል። አንዲት ሴትዮ ልታጽናናኝ ብላ፣ «እኛማ የዚያን ጊዜ አንጀታችን እርር ብሏል» አለችኝ። እማዬ ሙሾ ስታወርድ የሚቀበላት አጣች። ብቻዋን አውርዳ፣ ብቻዋን ተቀበለች። በድንኳኑ ጥግ ጎረምሶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። እነሱን ምን ልበላቸው? እኔ ማን ሆኜ!

በ17 ለቀጠሮው እንሂድ ብያት ነበር። «ከልጄ ለቅሶ ወዴት?» አለች። ዓይኗ ደም መስሏል። ዛሬ ጥግ ጥጉን መግል ይዟል።

የካቲት 25

ዘገየን። ሐኪሙ «ምን ነክቷት ነው? ደህና አልነበረች?» አለኝ። ነገርኩት። መርፌ ሰጣት፣ ጠብታ ሰጣት። ብርሃንና ጥላ ትለይ ይሆናል አለ፣ ከዚያ በላይ ተስፋ አልሰጠኝም።

አርባውም በዚሁ አመለጣት። ከኔ ጋር መሐል ሜዳ አልመለስም ብላ ጋሼ ቤት ቀረች። ያናገረችኝ በጋሼ በኩል ነው፣ እዚያው አጠገቧ ቆሜ። «ለሱ ያልኩትን ሁሉ ታጥፋው በላት። የኔ ድምፅ የትም እንዳይቀር።»

የካቲት 26

ቁጭ ብዬ አጠፋሁ። ይሥሐቅ ከሞተ ወዲህ እማዬ የላከችለት ሃያ ሦስት ናቸው፣ ሁሉም ባለ አንድ ራይት። ሳላዳምጣቸው ነበር ላጠፋ ያሰብኩት። ሁሉንም አዳመጥኳቸው። በአንዱ ላይ ከኔ ተደብቃ፣ እኔ ስልኬን ትቼ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ሳለ እመቤትን አስልካ መሰለኝ፣ «እኅትህን የሆነ ነገር ነክቷታል፣ ሳቋ ሳቅ አይደለም፣ አንተ ደውልላት» ብላዋለች።

ሳጠፋ ስልኩ በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል፣ ከይሥሐቅም ስልክ ይጥፋ ወይ እያለ። ሃያ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሃያ ሦስት ጊዜ አዎ አልኩ።

መጋቢት 8

ሁለት ሳምንት ስልክ ስደውልላት ነበር። ጋሼ ያነሱና «አይሆንም አለች» ይሉኛል። ቮይስ ላኩላት። ጋሼ ከፍተው ጆሮዋ ላይ ቢያደርጉት ተነስታ ወጣች አሉ።

ዛሬ ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ሞላሌ ወረድኩ። ከዚያ ወደ ጋሼ ቤት በእግሬ፣ ነፋሱ ፊቴን እየገረፈው። መንገዱን ሙሉ የምላትን ሳዘጋጅ ነበር። ይቅርታ፣ ከዚያ ስለ ማጥፋቱ፣ ከዚያ ነይ እንሂድ።

በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። በዳሰሳ። ፊቷ ወደኔ ነው፣ ግን አላየችኝም። ሁለት ክንድ ያህል ቀርቤ ቆምኩ። እንዝርቱን አቆመችው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ጥሩሸዋ።»

ምናልባት አልሰማችኝም ብዬ ደገምኩት።

«ሰማሁ» አለች። «ድምፅ አላምንም። ቅረቢ።»

ተንበረከክሁ። እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰችው። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጉንጬን። እርጥብ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና እንዝርቱን መልሳ አነሳች።

«እሺ» አለች። «ተቀመጪ።»